ጠርሙሱ ባለበት ቦታ፦ ባዕድ ነገር የተቀላቀለበትን መጠጥ በተንቀሳቃሽ መሣሪያ ስለ መለየት የቀረበ ንግግር

ክቡራትና ክቡራን፣

እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2001 በኢስቶኒያ፣ ፓርኑ በምትባለው ከተማና በአካባቢዋ፣ በሕገ ወጥ መንገድ የተሸጠ መጠጥ የጠጡ 68 ሰዎች ሞቱ። እ.ኤ.አ. በ2012 ተመሳሳይ አደጋ የደረሰባት ቼክ ሪፐብሊክ ከ20 በመቶ በላይ አልኮል ያለው መጠጥ ሁሉ በመላ አገሪቱ እንዳይሸጥ እስከ ማገድ ደረሰች፤ በዚያ አደጋ ከ30 በላይ ሰዎች ሕይወታቸው አልፏል። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 ደግሞ በላኦስ፣ ቫንግ ቪየንግ ላይ፣ ስድስት የውጭ አገር ጎብኚዎች ሞቱ። በሦስቱም ቦታ ገዳዩ ሜታኖል ነበር፤ በሦስቱም ቦታ መርዙ መኖሩ የታወቀው ሰዎች መታመም ከጀመሩ በኋላ ነው። ዛሬ የምናገረው ይህን ቅደም ተከተል ለመገልበጥ፣ ማለትም መርዙን ማንም ሳይጠጣው ጠርሙሱ ባለበት ቦታ ለማግኘት ስለተሠሩ ትንንሽ መሣሪያዎችና የመመርመሪያ ዘዴዎች ነው። አቋሜን አስቀድሜ ልናገር፦ መሣሪያዎቹ እጅግ ጠቃሚ ናቸው፤ ሆኖም እያንዳንዳቸው የሚመልሱት አንድ ጠባብ ጥያቄ ስለሆነ፣ ያልተጠየቁትን ጭምር እንደመለሱ አድርጎ የሚወስድ መርማሪ ባዶ እጁን ከመጣው ይልቅ ያሰጋኛል።

ኢታኖል በመጠጥ ውስጥ የምናውቀው አልኮል ነው። ሜታኖል ደግሞ በአንድ ካርቦን የሚያንሰው ታናሽ ወንድሙ ሲሆን፣ ለማሟሟቻነት፣ ለነዳጅነትና ለመኪና መስታወት ማጠቢያ የሚውል የፋብሪካ ምርት ነው። ሁለቱም ጥርት ያሉ ፈሳሾች ናቸው፤ ሁለቱም ከውሃ ጋር በፈለጉት መጠን ይዋሃዳሉ፤ ሁለቱም ያሰክራሉ። ሁለቱ በየብልቃጣቸው ጎን ለጎን ቢቀመጡ ሽታቸው በመጠኑ ይለያል፤ በመጠጥ ውስጥ ሲደባለቁ ግን የለመደ አፍንጫም አይለያቸውም። ጉዳቱን የሚያመጣው በዋናነት ሜታኖል ራሱ ሳይሆን ጉበት ከእርሱ የሚሠራው ነገር ነው። ኢታኖልን የሚያፈርሰው ኢንዛይም ሜታኖልንም ወደ ፎርማልዲሃይድ ይለውጠዋል፤ ይህም ወዲያው ወደ ፎርሚክ አሲድ ይለወጣል፤ ሕዋሳት ኦክስጅን እንዳይጠቀሙ የሚያግደውና የዓይንን ነርቭ የሚጎዳው ይኸው አሲድ ነው።

ይህ ሁሉ ለውጥ ጊዜ ይፈልጋል። የመመረዝ ምልክት ብዙውን ጊዜ የሚታየው ከ12 እስከ 24 ሰዓት ቆይቶ ነው፤ ሜታኖሉ ከኢታኖል ጋር ተቀላቅሎ ከተጠጣ ደግሞ ኢንዛይሙ ቅድሚያ የሚሰጠው ለኢታኖል ስለሆነ መዘግየቱ ይብሳል። ጠጪው በማግስቱ ራሱን ሲያመውና ሲያቅለሸልሸው የተለመደው የስካር ማግስት ነው ብሎ ይተኛል፤ ዓይኑ መጨለም ሲጀምር ነው የሚደነግጠው። እንግዲህ የመጀመሪያው ታማሚ ሆስፒታል በሚደርስበት ሰዓት፣ ከዚያው በርሜል የተቀዳው መጠጥ ሌላ ስንት ሰው ዘንድ እንደደረሰ አስቡት። የቤተ ሙከራ ውጤት ቀናት በሚወስድበት ሁኔታ፣ በደቂቃዎች ውስጥ የሚገኝ ግምታዊ መልስ እንኳ ዋጋው ትልቅ ነው።

መጠኑንም በቁጥር ልመልከተው። ለአዋቂ ሰው ወደ 30 ሚሊ ሊትር የሚጠጋ ንጹሕ ሜታኖል ሊገድል እንደሚችል፣ 10 ሚሊ ሊትር ያህሉም ዓይን ሊያጠፋ እንደሚችል በሕክምና መጻሕፍት ተደጋግሞ ይጠቀሳል። ከመቶው ይዘቱ ሃያ እጁ ሜታኖል የሆነ መጠጥ በ50 ሚሊ ሊትር ብርጭቆ ቢቀዳ፣ በእያንዳንዱ ብርጭቆ ውስጥ 10 ሚሊ ሊትር ሜታኖል አለ። ሦስት ብርጭቆ መጠጣት ለብዙ ሰው የአንድ ምሽት ተራ ነገር ነው።

ወደ መሣሪያዎቹ ከመግባቴ በፊት መሣሪያ ስላልሆነ አንድ ዘዴ ልናገር፤ እንዲህ ባለ መድረክ በቆምኩ ቁጥር የምጠየቀው ጥያቄ ነውና። «በማንኪያ አድርጌ ባቃጥለውና የነበልባሉን ቀለም ባየው አይበቃም ወይ?» ይሉኛል። አይበቃም። ንጹሕ ሜታኖል በጣም ደብዛዛ በሆነ ሰማያዊ ነበልባል ይነዳል፤ ኢታኖልም ሰማያዊ ነው። ጥቂት ሜታኖል የገባበት መጠጥ ነበልባል ካልገባበት በምንም አይለይም፤ በመጠጡ ውስጥ ያለ ጥቂት ጨው ወይም ስኳር ደግሞ ከሁለቱም ይልቅ ቀለሙን ይለውጠዋል። ይህ ዘዴ የሰው ሕይወት የሚያስከፍል በራስ መተማመን ከመስጠት በቀር ጥቅም የለውም።

ሌላው ሁሉም የሚያውቀው መለኪያ በፈሳሹ ውስጥ የሚንሳፈፈው ሃይድሮሜትር ነው። ሃይድሮሜትር የሚለካው እፍግታን ሲሆን፣ ከእፍግታው ተነሥተን የአልኮሉን መቶኛ እናሰላለን። መጠጡ በውሃ ቀጥኖ እንደሆነ በሚገባ ይናገራል፤ 40 በመቶ ተብሎ የተጻፈበት ጠርሙስ 31 ሲያሳይ ነገሩ ግልጽ ነው። ለሜታኖል ግን ዕውር ነው። የኢታኖል እፍግታ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ 0.789፣ የሜታኖል 0.792 ግራም በሚሊ ሊትር ነውና፣ ግማሹ አልኮል በሜታኖል የተተካ መጠጥ በተንሳፋፊው ላይ ከትክክለኛው ጋር እጅግ የተቀራረበ ንባብ ይሰጣል። «አልኮሉ ልክ ነው» የሚለው የሃይድሮሜትር ምስክርነት እንዲህ ባለው ጠርሙስ ላይ እንዳለ ሐሰት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስበው፣ እኔ ግን ርካሽና ብልህ በመሆኑ የምወደው ዘዴ አለ። ብርሃን ከአየር ወደ ፈሳሽ ሲገባ ይሰበራል፤ የስብረቱ መጠን በፈሳሹ ዓይነት ይወሰናል። በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ የውሃ የስብረት መጠን 1.333 ነው፤ የኢታኖል 1.361 ሲሆን ከውሃ ከፍ ይላል፤ የሜታኖል 1.329 ሲሆን ከውሃ እንኳ ዝቅ ይላል። ይህ ማለት በእፍግታ መንትያ የሆኑት ሁለት አልኮሎች በብርሃን ፊት ይለያያሉ። እንግዲህ አንዱን መጠጥ በሃይድሮሜትርም፣ ይህን ስብረት በሚለካው ሪፍራክቶሜትርም ለክተን፣ ሁለቱ መሣሪያዎች የሚሰጡን የአልኮል መቶኛ ካልተስማማ፣ በተለይም ሪፍራክቶሜትሩ ከሃይድሮሜትሩ ያነሰ ከሰጠን፣ መጠርጠር ይገባናል። ሪፍራክቶሜትር በኪስ የሚያዝ፣ ለሙከራ ጥቂት ጠብታ የሚበቃው፣ ባትሪ እንኳ የማያስፈልገው ዓይነት ያለው መሣሪያ ነው። ድክመቱ ስኳር ነው። ስኳር እፍግታውንም ስብረቱንም ስለሚያሳድግ በጣፋጭ ሊኬር ላይ ንጽጽሩ ይፋለሳል። የሙቀት ልዩነትም ያዛባዋል፤ ሁለቱ ልኬቶች በአንድ ሙቀት ካልተወሰዱ አለመስማማቱ የመጠጡ ይሁን የአየሩ አይታወቅም።

የቀለም ለውጥ ምርመራዎች ከእነዚህ የተሻለ ጉልበት አላቸው። መሠረታዊው አካሄድ ጉበት የሚሠራውን ሥራ በብልቃጥ ውስጥ መሥራት ነው፤ በፖታሲየም ፐርማንጋኔት አማካይነት ሜታኖል ወደ ፎርማልዲሃይድ እንዲለወጥ ይደረጋል፣ የተረፈው ፐርማንጋኔት ቀለሙ እንዲጠፋ ሶዲየም ባይሰልፋይት ይጨመርበታል፣ ከዚያ ክሮሞትሮፒክ አሲድ በጠንካራ ሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ ሲጨመር ፎርማልዲሃይድ ካለ ፈሳሹ ሐምራዊ ይሆናል። ኢታኖል በዚሁ መንገድ የሚለወጠው ወደ አሴታልዲሃይድ ስለሆነ ይህን ሐምራዊ አይሰጥም። ዘዴው ከቤተ ሙከራ መጻሕፍት የወጣና የተመሰገነ ነው፤ ነገር ግን መርማሪው በቦርሳው ጠንካራ ሰልፈሪክ አሲድ ተሸክሞ እንዲዞር ይጠይቃል። ለዚህ ያልሠለጠነ ሰው እንዲይዘው ፈጽሞ አልመክርም። ካራሜል ወይም ስኳር ያለበት መጠጥ በአሲዱ ስለሚጠቁር በመስክ ላይ የሚሠራው ጥርት ባለ መጠጥ ብቻ ነው፤ ቀለም ያለው መጠጥ መጀመሪያ መነጠር አለበት።

በዚህ ምርመራ ላይ ሁልጊዜ የምጨምረው አንድ ጥንቃቄ አለ። ከዚያው ጠርሙስ ሌላ ናሙና ወስጄ፣ ፐርማንጋኔቱን ሳልጨምር የቀረውን ሁሉ በእኩል እሠራዋለሁ። ይህ ሁለተኛው ብልቃጥ ሐምራዊ ከሆነ ፎርማልዲሃይዱ ከመጀመሪያውም በመጠጡ ውስጥ ነበረ ማለት ነው፤ ያም የተለየ ወንጀል ሊሆን ይችላል፣ የሜታኖል ማስረጃ ግን አይደለም። በተጨማሪም ሜታኖል እንደሌለበት የሚታወቅ መጠጥና ሜታኖል የተጨመረበት ማመሳከሪያ ጎን ለጎን ካልቆሙ «ሐምራዊ ነው» የሚለው ቃል የዓይን ግምት ሆኖ ይቀራል። አንድ ጊዜ ቢጫ አምፖል ብቻ በነበረበት መጋዘን ውስጥ ቆሜ አንዱን ናሙና ሦስት ጊዜ አንብቤ ሦስት የተለያየ መልስ ጽፌያለሁ፤ በማግስቱ በቀን ብርሃን ማመሳከሪያውን አጠገቡ ሳቆም ነው ያፈርኩት።

በቀላሉ ወደ መጠጡ የሚነከሩት ወረቀቶች ብዙዎቹ በኢንዛይም የሚሠሩ ናቸው። ለተጠቃሚው ምቹ ናቸው፤ አሲድ አያስፈልግም፤ ማንም ሊይዛቸው ይችላል። ችግራቸው በብዙዎቹ የሚገባው አልኮል ኦክሲዴዝ የተባለው ኢንዛይም ሜታኖልን ብቻ ሳይሆን ኢታኖልንም መብላቱ ነው፤ ስለዚህ የወረቀቱ ትክክለኛነት ከኢንዛይሙ በኋላ በሚመጣው የቀለም ኬሚስትሪ ላይና መጠጡ በታዘዘው መጠን በውሃ መቅጠኑ ላይ ይንጠለጠላል። ኢንዛይም ደግሞ ሙቀትና እርጥበት ይገድለዋል። የሞተ ወረቀት ቀለም አይለውጥም፤ ቀለም አለመለወጥ ደግሞ «ሜታኖል የለም» ተብሎ ይነበባል። ከአንድ ማሸጊያ የወጡት ወረቀቶች በሕይወት መኖራቸውን ሜታኖል ባለበት ማመሳከሪያ ሳያረጋግጥ ሥራ የሚጀምር መርማሪ ምንም እንዳልመረመረ ይቆጠር።

አሁን ጠርሙሱን ሳይከፍቱ ስለሚሠራው እናንሳ። ህንዳዊው የፊዚክስ ሊቅ ራማን እ.ኤ.አ. በ1928 ያገኘው ክስተት ይህ ነው፦ አንድ ቀለም ያለው ብርሃን በቁስ ላይ ሲያርፍ ጥቂቱ ክፍል ቀለሙን በመጠኑ ለውጦ ይመለሳል፤ የለውጡም መጠን በሞለኪዩሉ ንዝረት ይወሰናል። ኢታኖልና ሜታኖል የተለያየ ንዝረት ስላላቸው የሚመልሱት ብርሃንም እንደ ጣት አሻራ ይለያል፤ ኢታኖል በ880 አካባቢ፣ ሜታኖል ደግሞ በ1030 አካባቢ (መለኪያው በአንድ ሴንቲ ሜትር ውስጥ የሚቆጠር የሞገድ ብዛት ነው) ጎልቶ ይታያል። አስቸጋሪው ነገር ባለቀለም መስታወትና ባለቀለም መጠጥ በሌዘር ሲመቱ የሚያወጡት ብርሃን ደካማውን ምልክት መዋጡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 በእንግሊዝ የራዘርፎርድ አፕልተን ቤተ ሙከራ የቀረበው ዘዴ ሌዘሩን በአንድ ነጥብ አሳርፎ የሚመለሰውን ብርሃን ከነጥቡ ራቅ ብሎ በመሰብሰብ የመስታወቱን ድርሻ ከይዘቱ ድርሻ ለየው። እ.ኤ.አ. በ2017 የማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በዚሁ መርሕ የሚሠራ በእጅ የሚያዝ መሣሪያ ተጠቅመው፣ በታሸገ ጠርሙስ ውስጥ ያለ መጠጥ ሜታኖልና ለኢንዱስትሪ አልኮል መለያ የሚጨመሩ ኬሚካሎች እንዳሉበት ማየት እንደሚቻል አሳዩ።

ይህ ለጉምሩክ ሠራተኛና ለመጋዘን ተቆጣጣሪ ትልቅ ነገር ነው፤ ማኅተሙ ሳይነካ፣ ንብረቱ ሳይበላሽ፣ በአጭር ጊዜ ብዙ ጠርሙስ ማየት ይቻላል። የመሣሪያው ዋጋ ግን ከሌሎቹ ሁሉ ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ ለአንድ መጠጥ ቤት ባለቤት የሚገዛ ዕቃ አይደለም። ጥቂቱ ሜታኖል እጅግ ብዙ ኢታኖል አጠገብ ሲቆም ምልክቱ እየደበዘዘ ይሄዳልና፣ ለመርዛማ መጠን እንጂ ለጥቃቅን ቅሪት አይታመንም።

በሌላ አቅጣጫ የሄዱት በዙሪክ የሚገኘው የስዊዘርላንድ ፌዴራል የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች ናቸው። የጋዝ ዳሳሾች ከቀድሞ ጀምሮ አልኮልን ያሸታሉ፤ ነገር ግን ሁለቱን አልኮሎች አይለዩም። ተመራማሪዎቹ ከዳሳሹ ፊት ለፊት ቴናክስ በሚባል ዱቄት የተሞላ ትንሽ ቱቦ አስቀመጡ። ከመጠጡ በላይ ያለው ተን በቱቦው ሲያልፍ ሜታኖል ቀድሞ ይወጣል፤ ኢታኖል ዱቄቱ ይዞት ወደ ኋላ ይቀራል። ዳሳሹ ሁለቱንም በአንድ ዓይነት ስሜት ቢቀበልም በተለያየ ሰዓት ስለሚደርሱት ለይቶ ይቆጥራቸዋል። ይህ በቤተ ሙከራ ጠረጴዛ ሙሉ የሚይዘው የጋዝ ክሮማቶግራፊ መርሕ በእጅ መዳፍ ላይ ሲቀመጥ ነው፤ ልኬቱም የሚያልቀው በደቂቃዎች ነው። በግሌ ከአዳዲሶቹ ሁሉ ቀልቤን የሳበው ይህ ነው፤ ምክንያቱም ያው መሣሪያ የታማሚን ትንፋሽም ሊለካ ይችላል።

መሣሪያው «ሜታኖል አለ» ሲል ግን ሥራው አላለቀም። ፍራፍሬ ውስጥ ያለው ፔክቲን ሲፈርስ በተፈጥሮ ሜታኖል ይለቃል፤ ስለዚህ ከፍራፍሬ የተነጠረ ማንኛውም ሐቀኛ መጠጥ ጥቂት ሜታኖል አለው። የአውሮፓ ኅብረት ደንብ በንጹሕ አልኮል ሲሰላ ለቮድካ በሄክቶ ሊትር (በ100 ሊትር) 10 ግራም፣ ለፍራፍሬ መጠጦች በጥቅሉ 1000 ግራም ድረስ ይፈቅዳል። 40 በመቶ አልኮል ባለው መጠጥ ላይ ስናሰላው የፍራፍሬው ጣሪያ በአንድ ሊትር 4 ግራም፣ ይህም በይዘት ግማሽ በመቶ ገደማ ይሆናል፤ የቮድካው ጣሪያ ደግሞ ከዚህ መቶ ጊዜ ያንሳል። እንግዲህ አንድ በመቶን በግልጽ የሚያይ መሣሪያ ሕይወት ያድናል፤ ቮድካው ደንቡን ማክበሩን ግን ሊናገር አይችልም። ሁለቱን ጥያቄዎች በአንድ ሪፖርት ላይ ደባልቆ መጻፍ ሐቀኛ አምራችን በሐሰት ያስከስሳል፣ ወይም ሕግ ተላላፊን ነጻ ያወጣል። በነገራችን ላይ በማንጠር ጊዜ መጀመሪያ የሚወርደውን ጥቂት ፈሳሽ ማፍሰስ ሜታኖሉን ሁሉ ያስወግዳል የሚለው እምነትም ልክ አይደለም። ሜታኖል ለብቻው በ64.7 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢፈላም በውሃና በኢታኖል መካከል ሲሆን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እየተከፋፈለ ይወርዳል። ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ የሚገድለው ግን በአብዛኛው ከማንጠሪያው የመጣ ሳይሆን ከፋብሪካ በርሜል የተጨመረ ነው።

ስለ ስሕተት በቁጥር ማሰብም ግድ ነው። ከ10,000 ጠርሙሶች 10ሩ መርዛማ ናቸው እንበል፤ ምርመራችን ደግሞ መርዛማውንም ደኅነኛውንም ከመቶ በ99ኙ ላይ በትክክል ይለያል። አሥሩን መርዛማዎች እንይዛለን፤ ከ9,990ዎቹ ደኅነኞች ግን መቶ ያህሉን በሐሰት እንይዛለን። ከተያዙት 110 ጠርሙሶች እውነተኛ ጥፋተኛ የሆኑት አሥሩ ብቻ ናቸው። ስለዚህ የመስክ ምርመራ ጠርሙሱን ከመደርደሪያ ለማውረድ ይበቃል፤ ሰውን ለመክሰስ የጋዝ ክሮማቶግራፊ ማረጋገጫ ያስፈልጋል። በተቃራኒው በኩል ደግሞ ከመቶ አምስቱ ጠርሙስ መርዛማ ከሆነበት ጭነት አሥር ጠርሙስ ብቻ መርምሮ አንዱንም ሳያገኝ የመመለስ ዕድል 60 በመቶ ገደማ ነው፤ 95 በመቶ እርግጠኛ ለመሆን 59 ጠርሙስ መመርመር ይገባል። ከአንድ ሳጥን አንድ ጠርሙስ አውጥቶ «ጭነቱ ደኅና ነው» ብሎ መፈረም ልማድ እንጂ ምርመራ አይደለም።

ሜታኖል ያልተገኘበት ጠርሙስም ኤቲሊን ግላይኮል ወይም አይሶፕሮፓኖል የተባሉ ሌሎች መርዛማ የፋብሪካ ኬሚካሎች ሊኖሩበት ይችላሉ፤ ለሜታኖል የተሠራ ወረቀት ስለ እነዚህ ዝም ይላል። ስለዚህ በውጤት ቅጹ ላይ «ደኅና» የሚል ቃል ባይኖር እመርጣለሁ፤ «በዚህ ዘዴ፣ ከዚህ መጠን በላይ ሜታኖል አልታየም» ብሎ መጻፍ ይረዝማል፣ ግን እውነት ነው።

የተጠረጠረ መጠጥ የጠጣ ሰው ካለ ሐኪም የሚሰጠው ማርከሻ ፎሜፒዞል ወይም በሐኪም ቁጥጥር የሚሰጥ ኢታኖል ነው፤ ሁለቱም ኢንዛይሙን በመያዝ መርዙ እንዳይሠራ ያግዳሉ፤ ቀድመው ሲጀመሩም ይበልጥ ይጠቅማሉ። በብርጭቆ ሥር የቀረች ጥቂት መጠጥ በመስክ መሣሪያ ከተመረመረች ሐኪሙ የደም ውጤት ሳይጠብቅ እንዲወስን ልትረዳው ትችላለች። ስለዚህ ቅሪቱን አትድፉት። ንጹሕና ደረቅ በሆነ ትንሽ የመስታወት ብልቃጥ እስከ አንገቱ ሙሉት፤ ከላዩ አየር ከተረፈ አልኮሉ ወደዚያ ይተናል፣ ቁጥሩም ይዛባል። ክዳኑን አጥብቁ፣ የተቀዳበትን ሰዓትና ቦታ ጻፉበት፣ ቀዝቃዛ ቦታ አኑሩት፤ ጠርሙሱንም ከነማኅተሙና ከነክዳኑ ጨምራችሁ ከታማሚው ጋር አብራችሁ ውሰዱ።